ቁጥሩን ሳያዩ ያልፈረዱት የአቶ መርዳሳ ኢተፋ የሕይወት ታሪክ

አቶ መርዳሳ ኢተፋ ከአባታቸው ከአቶ ኢተፋ ገመዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቡዜ ሰንበታ በ1936 ዓ.ም. በአርሲ፣ ደራ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው የአባታቸውን ሬዲዮ ፈታትተው ሲገጥሙት ሁለት ብሎን ተርፏቸው፣ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ አጥርቶ ተናገረ እየተባለ በደራ ገበያ ዛሬም ይወራል።

በደራና በናዝሬት ከተማሩ በኋላ በአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ። በ1961 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዘውድነሽ አስፋው ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ጉዲቱንና የሺዓለምን ወልደዋል።

በ1968 ዓ.ም. ውጭ አገር ሠልጥነው ሲመለሱ ናዝሬት በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ቁም ሣጥን የሚያህለው ያ ማሽን ሲነሳ አካላቱን በየተራ ይፈትሻል፤ የታመመው ክፍል ላይ ሲደርስ ይቆምና የክፍሉን ቁጥር ያበራል። ሁሉም ደህና ከሆነ ዜሮ ይላል። አቶ መርዳሳ ቁጥሩን ሳያዩ አንድ ብሎን አይነኩም ነበር። ቤትም ያው ነው፤ ልጅ ሲያለቅስባቸው «ስንት ላይ ቆምሽ?» ይላሉ። ለራብ አንድ፣ ለሆድ ቁርጠት ሁለት ነበር። ወይዘሮ ዘውድነሽ ሲያኮርፉ ዘጠና ዘጠኝ ነውና ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ጓሮ ይወጣል። የዚያ ቤት ሳቅ ይናፍቃል።

በ1971 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት ማሽኑ አልነሳም አለ። ዘመኑን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ብልሽት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም አሻጥር ነው። የዋዜማው ተረኛ፣ ባልደረባቸው ኑሬ፣ ተይዞ መኪና ላይ ሊጫን ሆነ። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ብዙ አልነበረም። አቶ መርዳሳ በሩ ላይ ቆመው፣ ቁጥሩ ሳይታይ ሰው እንዳይወሰድ ለመኑ። ሊወስደው የመጣው ካድሬም ማሽኑ ካልተነሳ እርሳቸውም አብረው እንደሚጫኑ ነገራቸው።

ቁጥሩ የሚጠቁመው ማሽኑ ነገር ከሚያስታውስባቸው የኤሌክትሪክ ካርዶች አንዱን ነበር። ነቅለው ሲያዩት ከማሽኑ ጋር የሚያገናኙት የካርዱ ጥርሶች የናዝሬት አቧራ ለብሰዋል። ጉዲቱ ኪሳቸው ውስጥ የረሳችውን ላጲስ አውጥተው እያሹ፣ «ይህ ቁጥር የሰው ስም የለበትም» አሉ። ካርዱን መለሱት፤ ማሽኑ ቆጠረ፣ ቆጠረና ዜሮ አለ። ኑሬ ቤቱ ገባ። ላጲሷ ስላለቀባት ያኮረፈችውን ጉዲቱንም አዲስ ገዝቶ ያስታረቃት እርሱ ነው።

በ1980 ዓ.ም. መጨረሻ በደም ግፊት ምክንያት አንደበታቸው ተያዘ። ኑሬ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ «ጋሼ፣ ስንት ላይ ቆምን?» ሲላቸው በጣታቸው ያሳዩታል፤ አንድ ካሉ ሾርባ ይቀርባል። ጥር 17 ቀን 1981 ዓ.ም. ጠዋት ግን አውራ ጣታቸውንና ጠቋሚ ጣታቸውን አገጣጥመው ክብ ሠሩለት። ከሰዓት በኋላ በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውንና ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ትተውልናል፤ ኑሬም ከልጅ ይቆጠራል። ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ ነፍሳቸውን መርምሮ፣ እርሳቸው ለሰው እንደፈረዱት ይፍረድላቸው። አሜን።