አውቶቡሱ «ምን አለሽ» ሲል

ሰኞ
ሁሉንም ለቦሌ ይሰጣሉ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከአዲሶቹ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች አንዱ ለእኛ ለመርካቶ መስመር ተመደበ። ለሙከራ ነው፣ እስከ ዓርብ። ጭነት አስገብተን ካበላሸነው ወደ ሌላ ሰፈር ይዛወራል። እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ፤ ሹፌሬ ጋሽ ሽኩር በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከአሮጌ መኪና መሪ ጋር ሲታገሉ ትከሻቸው አልቋል። የአዲሱን ቁልፍ ከመቀበላቸው በፊት እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ይህን አይቼ ዕንባዬ መጣ፤ አቧራ ነው አልኩ።

ማክሰኞ
አውቶቡሱ ይናገራል። የየፌርማታውን ስም በሴት ድምፅ ይጠራል። ጋሼ «ባለቤቴ እንዳትሰማ» አሉኝ። ባለድምጿ ልጅ ጭድ ተራን በወጉ ትጠራለች። ምን አለሽ ተራ ላይ ግን «ምን አለሽ» ትልና ትንፋሽ ትወስዳለች፤ «ተራ» የሚለው ዘግይቶ ይመጣል። የሰፈር ስም ሳይሆን ጥያቄ ይመስላል።

ረቡዕ
ትኬት መቁረጡ ቀርቶ ጭነት መከልከል ሥራዬ ሆነ። የመለስኩት፦ አንድ ጆንያ ድንች፣ የቆርቆሮ ጥቅል፣ ሁለት ዶሮ። መርካቶ መጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ማን አለ? አንዱ «እህቴ፣ አውቶቡስ ነው ሙሽራ?» አለኝ። ሙሽራ ነው አልኩት። ቤት ስገባ ግን ከፋኝ።

ሐሙስ
ሙከራውን የሚከታተለው ተቆጣጣሪ ተሳፍሮ ከኋላ ቁጭ አለ። ምን አለሽ ተራ ላይ አንዲት እናት ነጠላቸው ሥር አንድ ነገር ይዘው ገቡ፤ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ገና ሳይቀመጡ ድምፁ «ምን አለሽ» አለ።
እናትየዋ ደነገጡ። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ወደ ጣሪያው እያዩ፣ «ምድጃ ናት ልጄ። አሁን ገዝቻት ነው፣ እሳት አላየችም፣ ወንበርሽን አታቆሽሽም» አሉ።
«ተራ» ሲል የሰማው የለም። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። አንዱ «እኔም ድስት አለኝ» ብሎ ተናዘዘ። ጋሼ መሪው ላይ ተደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ተቆጣጣሪው ብቻ አልሳቀም። ተነሥቶ ምድጃዋን ተቀበላቸውና እግሩ ሥር አስቀመጠላቸው። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ። በቃ ወሰዱብን አልኩ።

ዓርብ
አልወሰዱብንም። በጭን የሚያዝ ዕቃ ይገባል፤ ጆንያ አሁንም አይገባም። አለቆቹ ድምፁን እናስተካክለው ወይ ብለው ሲጠይቁ ጋሼ «ተዉአት፣ ሰፈሩን ለምዳለች» አሉ።
ከእሳቸው በኋላ ማን እንደሚነዳው አላውቅም፣ ማሰብም አልፈልግም። በመጨረሻው ጉዞ ድምፁ «ምን አለሽ» ሲል በሆዴ መለስኩለት፦ ጋሽ ሽኩር አሉኝ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ።