የአባባ እጅና የሮኬቱ ፊደል

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለራዶቫን፣

ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ ኦርላስ ደህና ናት? ትንሿ ልጅህ ኒቭስ፣ ያ ጉንፋን ለቀቃት? አየርላንድ ዝናቡ ዘንድሮም እንደዚያው ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ሊሆንብኝ ነው ብዬ ተውኩት። በግኜ ነው የምጽፍልህ። ወንበርህን ሳብ አድርገህ አንብብ።

በደወልክ ቁጥር "አባባን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው" ትለኛለህ። እሺ፣ አንተ ና ውሰደው! ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈው። ሾርባ ሲጠጣ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ነው የሚቀረው። ምን ሆንክ ስለው "ብርድ ነው" ይለኛል። በበጋ መካከል፣ ሰው ሁሉ ላቡን እየጠረገ! "አባባ፣ እባክህ ሐኪሟ ትይህ" ብዬ ስለምነው ደግሞ "ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? ወረፋ ሊያጣብብ?" ይላል። ይሄን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

ሮኬቱንማ ታውቀዋለህ፤ አባባ ለውድድር የሚሠራውን የእውነተኛ ሮኬት ትንሽ ሞዴል። ሦስት ክረምት የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ተጋድሞ ከረመ። እኛ ሳህናችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ስንበላ፣ እሱ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ቤቱ ኮላና ቫርኒሽ ብቻ ነው የሚሸተው። ባሌ ኢግናጽ እንኳን፣ ያ ዝምተኛው፣ "ይሄ ነገር መቼ ነው ከጠረጴዛችን ላይ ተነሥቶ የሚበረው?" ማለት ጀምሮ ነበር።

ፀደይ ላይ የቀረው ፊደሉ ብቻ ነበር። እውነተኛው ሮኬት ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ ከጉንዳን ባነሰ ፊደል መጻፍ አለበት። አባባ ብሩሹን አነሣ፤ ቀለሙ ተዝረከረከ። ጠረገውና እንደገና ሞከረ፤ ባሰበት። ብሩሹን ወርውሮ ዶሮዎቹ ጋ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ሲሄድ ሳየው አንጀቴን በላኝ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ተመልሶ መጣና አፍንጫውን አስጠግቶ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ "ሁለተኛዋ ዘመም ብላለች" ብሎ አረፈው! ምስጋና የለ፣ ምን የለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ እያዘዘኝ ሁሉንም ጻፍኩ። በውድድሩ ሕግ ሞዴሉን ተወዳዳሪው ራሱ ካልሠራው እንደሚሰረዝ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ማን ያያል ብለን ዝም አልን።

ቅዳሜ ውድድሩ ሆነ። ከመተኮሱ በፊት ዳኞቹ ከእውነተኛው ሮኬት ፎቶ ጋር ሲያመሳክሩት አባባ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። የዳኞቹ አለቃ አውሬል ነው፤ ያ በልጅነታችን ከረሜላ የሚያመጣልን የአባባ ጓደኛ። አጉሊ መነጽሩን አስጠግቶ ፊደሉን አየና ፊቱ በራ። "ቬንዴሊን፣ አንተ ሰውዬ! እጁ አለቀለት ብለውህ ነበር እኮ! ይሄ የሃያ ዓመት ጎረምሳ እጅ ነው!" አለ። ከመሪዎቹ ተርታ መግባቱ ነበር። ዝም ቢል ምን ነበረበት?

አባባ ግን ያንን እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እየተንቀጠቀጠ። "እጄማ አልቆለታል፤ እዩት። ታምሜያለሁ። ፊደሉን የጻፈችው ልጄ ዝላቲጻ ናት" አለ። አውሬል "ምነው ዝም ብትል ቬንዴሊን!" አለው፤ ግን ሕግ ሕግ ነው፣ ሰረዘው።

ንዴቴን ገምተው! የሦስት ክረምት ልፋት ባንድ አፍ ጠፋ! እሱስ ይሁን። ለእኔ፣ ሸሚዙን ለማጥብለት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ "ብርድ ነው" ሲል ከርሞ፣ ለሦስት ዳኛ "ታምሜያለሁ" ይበል?

ከውድድር ውጭ ይተኩሰው ብለው ፈቀዱለት። ቁልፉን እኔ ልጫንልህ ስለው "ለዚህስ መንቀጥቀጥ አይከለክልም" ብሎ ራሱ ተጫነው። ቀጥ ብሎ ወጣ፣ እንዴት እንደሚያምር! ሲወርድ ግን ፓራሹቱ ተጣብቆ አልከፈት አለና ድንች ማሳው ውስጥ ተሰክቶ አፍንጫው ተሰነጠቀ። አባባ ዞር ብሎ "እንዳይጣበቅ ፓውደር አልነሰነስሽበትም አይደል?" አለኝ። "በማን ንዴት ረስቼው ሆነና!" ብዬ ጮኽኩበት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

መኪና ውስጥ አልቻልኩም፣ ፈነዳሁ። "ልጅህ ስለምንህ እምቢ ብለህ ለአውሬል?" አልኩት። "የዳንኩ መስሎት አውሬል ከልቡ ደስ አለው። ደስታውን ሳይ እኔም ለአፍታ የዳንኩ መሰለኝ። ያን ጊዜ፣ ውሸቱን ራሴ እንዳላምነው ፈራሁ" አለኝ። ቤት ልንደርስ ስንል ደግሞ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ፣ "ሐኪሟ ጋ ወረፋ ያዢልኝ" አለ። ራዶቫን፣ መኪናውን አቁሜ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ "ከኋላ መኪና አለ፣ ንጂ እንጂ" ይለኛል!

በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት እንሄዳለን። በዋዜማው ረቡዕ ማታ ደውልለት። "እንዴት ነህ?" ብትለው "ደህና" ነው የሚልህ፤ "እጅህ እንዴት ነው?" ብለህ ጠይቀው። ሮኬቱ ተመልሶ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሟል። ንዴቴ ገና አልበረደልኝም።

ኢግናጽ ሰላም ብሎሃል፤ ጠረጴዛ ካለህ ላክልኝ ይላል። ልጄ ሚላዳ ለኒቭ የሠራችውን የክር አሻንጉሊት አብሬ ልኬያለሁ። ኦርላን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ኒቭን ጉንጫን። እህትህ ዝላቲጻ።

የአባባን ሰላምታ እስከ ዛሬ እኔ ነበርኩ የምጽፍልህ፤ እጁን እንዳታይበት ነበር ለካ። ዛሬ ግን እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ ራሱ ጽፏል። በወረቀቱ ጀርባ ያለው የተወላገደ መስመር የሱ ነው፤ ለማንበብ ጊዜ ይወስድብሃል፣ ቀስ ብለህ አንብበው።

ሊፕቶቭ፣ ስሎቫኪያ
ሴፕቴምበር 16 ቀን 2019