የወንዶቹ እሁድ

ጁን 4 ቀን 1984፣ ሰኞ

ዛሬም ጥርስ ስለይ ዋልኩ። ነጭ ሲባል ሁሉም አንድ ይመስላል… አይደለም። ወደ ቢጫ የሚያደላ አለ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ አለ፣ የአጫሽ የሚመስል አለ። ከፋብሪካችን ወጥቶ የማን አፍ ውስጥ እንደሚገባ አላውቅም። ብራዚል? ጃፓን? እጄ የነካው ጥርስ ዓለምን ይዞራል። እኔ ደግሞ በአውቶቡስ ሽቅብ ወደ ተራራው መንደራችን ወደ ትሪዘንበርግ፣ ወደ ቤቴ።

አባባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ባለፈው ክረምት በረዶ አንሸራትቷቸው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው ክንድ ከደጅ አይወጡም። እናቴ ከሞተች በኋላ ያለው ክንድ የኔ ብቻ ነው።

እራት በላን። "ጨው አንሶታል" አሉ። የዛሬ ወሬያችን ይኸው ነው።

ጁን 12

ሎሬዳና ምሳ ላይ አሳቀችን። ከጎኔ የምትሰራው ጣሊያናዊት ናት። "በስዊዝና በኦስትሪያ መሀል የተወሸቀች ሚጢጢ አገር! ገንዘባችሁ የስዊዝ፣ የብሔራዊ መዝሙራችሁ ዜማ የእንግሊዝ፣ ወታደር የላችሁ። የራሳችሁ የሆነው ጥርስ ብቻ ነው። እሱም ሰው ሰራሽ።"

ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ዜንዛ፣ ሴቶቻችሁ እስከ ዛሬ አይመርጡም የሚባለው እውነት ነው እንዴ?"

"እውነት ነው። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ወንዶቹ ይወስናሉ።"

"ወንዶቹ?"

"ከዚህ በፊትም ሁለቴ ተጠይቀው እምቢ ብለዋል።"

"አያቴ ማንበብ ሳትችል ትመርጥ ነበር እኮ። እኔ ደግሞ ሀብታም አገር ብዬ መምጣቴ…"

ሲመሽ ድንበር ተሻግራ ኦስትሪያ ወዳለው ቤቷ ሄደች። ስንቱ ሰራተኛ እንደሷ ነው፤ ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ይሄዳል። ማታ ማታ አገሩ ባዶ ይሆንብኛል… ወይስ ባዶዋ እኔ ነኝ?

ጁን 17፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ አጥሩ ሥር ቆመው ይከራከሩ ነበር። እኔ ስደርስ ዝም አሉ። ጎረቤታችን ክሳቬር ግን አላስቻለውም።

"ዜንዛ፣ አንቺ ደግሞ ምን ጎደለሽ? ቤት አለሽ፣ ሥራ አለሽ።"

"ምርጫ" አልኩት።

"ሴቱ ሁሉ ፖለቲካ ውስጥ ከገባ ላሟን ማን ሊያልባት ነው?"

"ላም የለኝም፣ ክሳቬር።"

ሳቁ። እሱም ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቴ የሞተች ጊዜ የቤታችንን በረዶ ሲጠርግ የከረመው እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ጁን 24

ዝናብ። አባባ "ጨለመ" አሉ። "አዎ" አልኩ።

ጁን 28

አባባ ትናንት ሾርባቸውን እየጠጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ "እሁድ ታደርሺኛለሽ?" አሉኝ። የት ብዬ አልጠየቅኩም።

ለሎሬዳና ነገርኳት።

"እምቢ እንደሚሉ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"እግሬን አመመኝ በያቸዋ። አንድ እምቢ ይቀንሳል።"

"መብታቸው ነው።"

"ያንቺስ?"



ጁላይ 1፣ እሁድ

አደረስኳቸው።

ቀስ ብለን ነው የሄድነው። ክንዴ ላይ ከበዱኝ። ድምፅ የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። በሩ ላይ የቆመው ሰው "ይግቡ፣ ማይንራድ" ብሎ ክንዳቸውን ከእኔ ተቀበለ። ለእኔ "አንቺ እዚሁ ጠብቂ" አለኝ። በትህትና ነው ያለው።

ደጅ ላይ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ። ባላቸውን፣ አባታቸውን የሚጠብቁ። ሁሉንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። እያንዳንዳችን ለየብቻ፣ ቦርሳችንን ይዘን፣ ተራራውን እያየን ቆምን። ለምን አልተነጋገርንም?

ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቆም አሉ። "እምቢ ነው ያልኩት። ከሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።"

"አውቄዋለሁ።"

ክንዴን መንጠቅ እችል ነበር። አልነጠቅኩም። ቀሪውን መንገድ እንደተያያዝን ጨረስነው።

አገራችን የራሷ የራዲዮ ጣቢያ ስለሌላት ውጤቱን ከስዊዞቹ ጣቢያ ሰማነው። አለፈ። ለጥቂት… በጣም ለጥቂት፣ ግን አለፈ። አባባ ራዲዮውን ዘጉና "እንግዲህ" አሉ። ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ለማን ልንገር? ሎሬዳና ስልክ የላትም። ሰገነቱ ላይ ወጣሁ። በየቤቱ መብራት በርቷል፣ ውጭ ግን አንድም ሰው የለም። ሰው ብቻውን እንዴት ነው የሚደሰተው?

ጁላይ 3

ዛሬ አላስቻለኝም። ሳህኑን አስቀመጥኩና ጠየቅኳቸው።

"ለምን ነው እምቢ ያሉት?"

"እናትሽ ሳትመርጥ ኖራ ሞተች። የጎደለባት ነገር የለም።"

"ጠይቀዋት ያውቃሉ?"

ማንኪያው እጃቸው ላይ ቀረ። 

"አልጠየቅኋትም" አሉ በመጨረሻ።

 ምግቡ ሳይነካ ተነሳ።

ኦገስት 15

የአገሪቱ በዓል። እንደ ወጉ ሰዉ ሁሉ ቤተ መንግሥቱ ደጅ ተሰብስቦ ቢራ ጠጣ። እኔም ብቻዬን ወረድኩ። "እንኳን ደስ አለሽ" ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ለበዓሉ ነበር።

ሴፕቴምበር 23፣ እሁድ

ላሞቹ ተራራው ላይ ሲግጡ ከርመው ወረዱ። አንዷም ስላልሞተች እንደ ወጉ ግንባራቸው ላይ የእንጨት ልብ ታስሮላቸዋል። ክሳቬር ደስ ብሎታል።

ከሰዓት በኋላ እሱና ሌሎች ሁለት ወንዶች አባባን ሊያነጋግሩ መጡ። መንደሩ መንገድ ሊያሰፋ ነው፤ በላይኛው ሜዳችን በኩል እንዲያልፍ ይፈልጋሉ። አገሩ ቢፈቅድልንም የመንደሩ ድምፅ ገና የወንዶች ብቻ ነው። ወይን ቀዳሁላቸውና እንደልማዴ ወደ ሾርባዬ ልመለስ ስል፣

"እኔን አትጠይቁኝ" አሉ አባባ። "ሜዳውን የምታጭደው እሷ ናት።" በዱላቸው ወንበር ወደኔ ገፉ። "ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ። ሦስቱም አዩኝ። እጄን የት ላድርገው?

"እና ምን ትያለሽ?" አለ ክሳቬር።

"እምቢ።"

"ለምን?"

"አልፈልግማ። ሌላ መንገድ ፈልጉና ተመለሱ፣ ያኔ እንነጋገራለን።"

ክሳቬር አባባን አየ። አባባ ወይናቸውን አዩ። "ሰምታችኋል" አሉ።

ወንዶቹ ወይናቸውን ጨርሰው ሄዱ።

"ስለ ሴቶች ምርጫ አሁንም ቢጠይቁኝ እምቢ ነው የምለው" አሉ አባባ።

"አውቃለሁ።"

ከወንበሩ አልተነሳሁም፤ ሾርባው ምድጃው ላይ ይፈላ ነበር። አባባ አዩኝና፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ግድግዳውን እየያዙ ምድጃው ጋ ደረሱ። ሾርባውን እሳቸው አማሰሉት። አማስለው ስለማያውቁ ከሥር አረረ።

በላነው።