ከዘሃራ ጋቢ የተቆረጠው

ዓርብ

ሸማዬን ቆረጡብኝ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት መምህር ጁምዓ ሰግጄ እስክመለስ አልጠበቁም። ገና እየሸመንኩት ካለው ጋቢ መሀል አንድ ስንዝር በመቀስ ቆርጠው ሄዱ። «ለናሙና» ብለዋል ለጎረቤት። የልጄ የዘሃራ የሠርግ ጋቢ ነው። ሠርጉ የሳምንት እሁድ ነው። የፈተለችው እናቷ ናት፤ እሷም አፈር ገብታለች። ሌላ ፈትል አላስቀመጠችም።

ሰኞ

መምህሩ ከነተማሪዎቻቸው ተመለሱ፣ ፊታቸው በርቶ።

«ጋሽ ሰይድ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ናሙናው የጥንካሬ መለኪያ ማሽኑ እስኪበጥሰው ድረስ ታገለ!»

በጥሰውት ደስ ይበልህ ይሉኛል። መጀመሪያ ሲመጡ ክር ሳይባክን ልብስ መሥራትን ለተማሪዎቻችን እናስተምራለን ስላሉኝ ነው ቤቴን የከፈትኩላቸው። ብክነት ይኸው! ሁሉንም አስወጣኋቸው። ሐያት የምትባለዋ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ከወለሉ ላይ የክር ቁራጭ ስትለቅም ነው የምትውለው። «ጥራጊሽንም ውሰጂ!» አልኳት። የለቀመችበትን ፌስታል አንጠልጥላ ወጣች።

ማክሰኞ

መምህሩ ሽማግሌ ላኩ። አንዱ ከጎብዬ ድረስ መጣ።

«ሰይድ፣ ልብህ የወፍጮ ድንጋይ ነው» አለኝ።

«ወፍጮስ ይዞራል» አለ ሌላው። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

የእርቅ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ነገሩ ዳግም አይነሳም፤ የአገሩ ደንብ ነው። ስለዚህ ዱዓውን እምቢ አልኩ። ገና የማነሳው አለኝ።

ረቡዕ

የተሸመነውን እስከ ቀዳዳው ፈታሁ። የተቆረጠውን ድር በምን ልቀጥለው? የገበያ ክር ሞከርኩ፤ ነጭነቱ ይጮሃል። አወጣሁት።

«አባባ፣ የገበያውም ይሁን፣ እኔ ምን ቸገረኝ» አለች ዘሃራ።

እኔን ቸገረኝ።

ሐሙስ

ሐያት ብቻዋን መጣች። «አባባ፣ ጥራጊው የርስዎ ነው» ብላ ፌስታሏን ዘረገፈችው። ድሩን ሳዘጋጅ ቆርጬ የጣልኩት ሁሉ አለ። በጣቴ ዳሰስኩት። አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ቀጠን ይላል። የባለቤቴ እጅ ነው።

«ግቢ» አልኩ።

ቁራጮቹ አጫጭር ናቸው፤ አንድ በአንድ መቋጠር አለባቸው። ቋጠረች። ፈታሁባት።

«አሁንስ?»

«ላላ።»

«ወላሂ አባባ፣ ፈተና እንኳ እንዲህ አያስጨንቅም!»

«ቀጥይ።»

ቅዳሜ

አለቀ። መሀሉ ላይ እጅ ሲያልፍበት ቋጠሮው ይሻክራል። እንደወደድኩት አይደለም። ግን ሁሉም የእናቷ ፈትል ነው።

ሽማግሌዎቹን ራሴ አስጠራሁ። መምህሩም መጡ፤ ዱዓው ተደረገ። ነገ ሠርገኛው ጋቢውን ዳስሶ ምን ሆኖ ነው ቢለኝ አልመልስም። ለዘሃራም፣ ለማንም። እዚህም ደግሜ አልጽፈውም።