በተራዬ የደረሰችኝ ተሳፋሪ

ሊበርታ፣ አንቲጓ ደሴት
ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን

ለልጄ ለኦርሊን ኒብስ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ እንግሊዝ አገር ሌስተር ተመልሰሽ፣ ያንን ከባድ ካፖርትሽን ደርበሽ ይሆናል። ጤናሽን ትናንት በዓይኔ ስላየሁ አልጠይቅሽም። ከስተሻል። እኔ ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም።

እናትሽን የቀበርን ዕለት በስልክ ያልኩሽን አልረሳሁም። «ለእናትሽ ቀብር ያልመጣሽ፣ ሁለተኛ በዚህ በር አትገቢም» ብዬ በራሷ በእናትሽ በኢዮና ስም ማልኩ። ይኸው አራት ዓመት ሆነው። ስትደውዪ ዘጋሁብሽ። አንቺም የአባትሽ ልጅ ነሽ፤ በበር ቢከለክለኝ በወደብ እመጣለሁ ብለሽ እንደ አገር ጎብኚ በሽርሽር መርከብ መጣሽ።

የወደቡን የታክሲ ሰልፋችንን ሕግ ስለምታውቂ ነው። ተረኛ ሾፌር ይህን እጭናለሁ፣ ያንን አልጭንም አይልም፤ እምቢ ካለ የወር ተራውን ያጣል። ሚስ ቨርና፣ ተራ አስከባሪዋ፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ጥላው ሥር ቆመሽ ሦስት ታክሲ አሳልፈሻል፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ብቅ አልሽ።

«ሩፎስ፣ ሦስት ሰው! መርከብ መጠገኛ!» አለች።

«እነዚህን ሁለቱን ልውሰድ፣ ይቺን ለሌላ ስጪልኝ» አልኳት።

«ቲማቲም መሰለህ እንዴ የምትመርጠው? ወይ ጫን፣ ወይ ከሰልፉ ውጣ!»

ከኋላዬ የቆሙት ሾፌሮች ሁሉ ሳቁብኝ። በሩን ከፍቼ «ይግቡ፣ እመቤት» አልኩሽ። ያቺ ኮፍያዋ ጃንጥላ የሚያክል ባልቴትና ባሏ አጠገብሽ ተቀመጡ። እስክንደርስ ድረስ በመስታወቱ አላየሁሽም። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው።

እዚያ በድሮው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ግቢ እንደ ሁልጊዜዬ ጣሪያ የሌላቸውን ምሰሶዎች አሳየኋችሁ። ቀጥሎ የጦር መርከቦቹን በጎናቸው አጋድመው ሆዳቸውን ሲፍቁ ገመዱን ይጠመጥሙበት የነበረውን ትልቁን መዘውር። «ይህንን አርባ ሰው ነበር የሚያዞረው» ስል፣ ከኋላ ድምፅሽን ሰማሁ።

«ይቅርታ አስጎብኚ፣ እርስዎ ድሮ ስልሳ ሲሉ አልነበር?»

«ድሮ ሰው ደካማ ነበር፣ እመቤት።»

ባልቴቷ ተንከተከተች። «እናንተ ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

«ተሳፋሪዬን ማን ነሽ ብዬ አልጠይቅም» አልኩ። ስልሳ የምትለው እናትሽ ነበረች። በዚህ ጉዳይ እስከ ዕለተ ሞቷ ተከራክረናል።

ከዚያ አድሚራሎቹ ስማቸው የተጻፈበት ግድግዳ ጋ ደረስን። እዚያ ስደርስ ድምፄን ከፍ እንደማደርግ ታውቂያለሽ። ድንጋዩን የጠረቡት፣ እንጨቱን የሰነጠቁት ባሮች ስም የትም የለም፤ የአያቴ አያት እዚያ ግቢ መጋዝ ሲጎትት ነው ያረጀው። ትናንት ግን መሐል ላይ አቋረጥኩት። ውሃ ልጠጣ ብዬ ዞር ስል፣ አንቺ ቀጠልሽላቸው። «የእኛ ሰዎች ናቸው የሠሩት» ስትዪ ሰማሁሽ።

ምሳ ሰዓት ከማንጎው ሥር ተቀምጣችሁ ጨው ዓሣና በቅጠል የተቀቀለ የስኳር ድንች ዱካና ስትበሉ፣ እኔ የሞተሩን ውሃ የማይ መስዬ ቆምኩ። መኪናው ውሃ አልጎደለውም። ባልቴቷ «እናትሽስ አለችልሽ?» ብላ ጠየቀችሽ።

«የለችም። ስትሞት የመኖሪያ ፈቃዴን እየጠበቅሁ ነበር፤ ከእንግሊዝ አገር አንዴ ብወጣ መመለሻ አልነበረኝም። ቀብሯን በጎረቤት ስልክ ነው የሰማሁት። የምሠራበት ፋብሪካ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ፣ መዝሙሩን አብሬያቸው ዘመርኩ።»

«ይህንን ለአባትሽ አልነገርሽውም?»

«አባቴ ስልክ ይዘጋል።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው እሱ!»

አንቺም ዱካናሽን ጎርሰሽ፣ «ጥሩ አስጎብኚ ነው ይላሉ» አልሽ።

የሞተሩን ክዳን ዘጋሁት። እጄ ላይ ልዘጋው ነበር።

ወደብ ስንመለስ አንድ ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ሚስ ቨርና በአንድ ወገን፣ ሾፌሮቹ በሌላ ወገን አንገታቸውን አስግገው ያዩናል። «እንግዲህ ደህና ይሁኑ፣ እመቤት» አልኩሽ። «እርስዎም» ብለሽኝ ሄድሽ። መርከቡ አጓርቶ እስኪወጣ ቆሜ ነበር። ሁለት ተራ አለፈኝ፤ ማንም አልሳቀም።

ኦርሊን፣ ስለ ፈቃዱ ወረቀት አላውቅም ነበር። አልጠየቅሁምም። መሐላ ግን መሐላ ነው፤ በእናትሽ ስም የተባለ አይበላም። የፊቱ በር እንደተባለው ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ ማለዳ መጋዝ አንስቼ በወጥ ቤቱ በኩል ያለውን የጣውላ ግድግዳ ቀደድኩት። መቃኑንም ገጥሜ ጨረስኩ። ጎረቤታችን ፔርሲቫል በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ለአንድ ሰው ሁለት በር?» አለኝ። «አፍህን ዝጋና ሚስማር አቀብለኝ» አልኩት። አውራ ጣቴን በመዶሻ መትቼዋለሁ፤ ፊደሌ ከወትሮው የባሰው ለዚያ ነው።

ባሕሩ ይረጋልሽ፤ ብርዱም ይራራልሽ። እናትሽ ያረፈችበት አምላክ ከፊትሽ ይቅደም። ደግሞ ምግብ ብዪ።

አዲሱ በር መዝጊያ ገና የለውም። ዝናብ ይገባል፤ ይግባ። ስለዚያ በር የማልኩት ነገር የለም።

አባትሽ
ሩፎስ ኒብስ