የበረዶ ጫማህን ለማንም አልሰጥም

ሼሻትሺት፣ መጋቢት 3 ቀን

ለምወድህ ኩርፈኛ ባሌ፣ ለፒናሹዌ፤

ሰላምታዬ እዚያ ሆስፒታል፣ ከሚሞቀው አልጋህ ድረስ ይግባልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ይጮሃል፣ አፌም እንደ ድሮው አያርፍም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የምጽፍልህ ስልክ ስለምትዘጋብኝ ነው። ባለፈው «የበረዶ ጫማዬን ለሹሼፕ ስጪው፣ እኔ ወደ ቤት አልመለስም፤ እዚሁ ከተማ የአዛውንቶች ቤት እገባለሁ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ጠረቀምከው። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ደግ አደረግህ? ሰው አንድ እግሩ ስለተቆረጠ ሚስቱን ይፈታል እንዴ?

ለማንኛውም ያን በጠፍር የተጠለፈ ሰፊ ጫማህን ለወንድምህ ለሹሼፕ አልሰጠሁትም። እሱም ቢሆን «የፒናሹዌን ጫማ አድርጌ ከሱ ጋር ልጣላ? በሕይወት እያለ?» ብሎ እምቢ አለኝ።

ይልቅ ጉዴን ልንገርህ። ኒሻፔት ዘንድሮ ከእኛ ጋር ለአደን ወደ ተራራው ለመውጣት የሚሆናት ጫማ አጣች። የልጅ ልጅህ እኮ በቁመት አንተን ልትበልጥ ነው፤ የድሮው አነሳት፣ በረዶው ላይ አይሸከማትም። ሹሼፕ የበርች እንጨት ቆርጦ፣ ጠርቦ፣ አጥፎ የጫማ ክፈፍ አመጣልኝ። እኔ ደግሞ እንደምታውቀው ዕድሜዬን ሙሉ ጠፍር የጠለፍኩት አንተ ባጠፍከው እንጨት ላይ ብቻ ነው። የሌላ ወንድ ክፈፍ ጭኔ ላይ ሳስቀምጥ፣ ሳቅብኝ ከፈለግህ፣ አፈርኩ። እሱም ክፈፍ ከተባለ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው ሹሼፕ፣ የውሻ የኋላ እግር?» አልኩት።

«አንቺ ዝም ብለሽ ጥለፊ፣ ጠፍሩ ያቀናዋል» አለኝ።

ምን ያቀናዋል! እርጥቡን የአጋዘን ጠፍር አጥብቄ ጠለፍኩና ቸኩዬ ምድጃው አጠገብ ሰቀልኩት። አንተ ብትኖር ትጮህብኝ ነበር። ጠፍሩ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን ጨርሶ ጠመዘዘው። ኒሻፔት አድርጋው ስትወጣ ሁለቱም እግሮቿ ወደ ግራ ብቻ ይሄዳሉ፤ ቤቱን ዞራ ዞራ ተመልሳ በሩ ላይ መጣች። «አያቴ፣ ይሄ ጫማ ከቤት መራቅ አይወድም» አለችኝ። ሳቅን ሳቅንና ጫማውን ከእግሯ ፈታንላት። ሁላችንም አንተን እያሰብን ነበር።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በርቹን የምትጠርበው በእግርህ ነበር? በእጅህ አይደለም እንዴ፣ የጥዱ ቅርንጫፍ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠህ፣ ቢላህን ወደ ደረትህ እየሳብክ፣ እኔን ሻይ እያስቀዳህ? እጅህን ማን ነካው?

በመጨረሻ የእኔን ጫማ ለኒሻፔት ሰጥቼ ያንተን እኔ አደረግሁት። አትቆጣ። በረዶው ገና አልጠጠረም፣ ዱቄት ነው፤ ያለ ጫማ የገባበት እስከ ብብቱ ይሰጥማል። የሹሼፕ የበረዶ ሞተርም በረዶ የሆነውን ሐይቅ ተሻግሮ ጫካው ውስጥ እንደገባ ሆዱ ድረስ ተቀበረ። ስለዚህ በረዶውን በጫማችን እየረገጥን መንገድ አወጣን። ፊት ያለው ሲደክመው ወደ ጎን እየወጣ፣ ሌላው እየተተካ። ሹሼፕ ደክሞት እንዳልደከመው ሲሆን ኒሻፔት «አጎቴ፣ ዞር በል፣ እንደ ሞተርህ ማጨስ ጀመርክ» አለችው። እሱም እየተሳደበ ዞር አለ፤ እኛን አሳልፎ ከኋላችን ተሰለፈ፤ በረገጥነው ላይ እየተራመደ ትንፋሹን ሰበሰበ። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ፊት ፊት ስትረግጥልን ኖርክ። የደከመው ሰው ወደ ኋላ ይዞራል እንጂ ሰልፉን ትቶ ከተማ ይገባል ያለህ ማን ነው?

ተራራው ግርጌ ድንኳኑን ተከልን፤ ሹሼፕ የገደለውን ቆቅ ቀቅለን በላን። ያንተ ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ነርሷ ደውላልኝ ነበር። «ቁስሉ ከገና በፊት ድኗል፣ የሚወስደው ሰው የለውም ወይ?» አለችኝ። አንተ ግን «ሐኪሙ አልለቀቀኝም» ነበር ያልከኝ። አልተቆጣሁም። ሸክም እንዳትሆንብኝ ብለህ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን እኔን ማን ጠየቀኝ? ባዶ ቤት እኮ ካንተ ይበልጥ ይከብዳል።

ይህን ደብዳቤ በእጅህ የምትሰጥህ ኒሻፔት ናት። አንብበህ እስክትጨርስ ቆማ ትጠብቅሃለች፤ ልብስህን ትሸክፍልህና አብራችሁ አውሮፕላን ትሳፈራላችሁ። እሷን እንደ ስልኩ ልትዘጋባት አትችልም።

ከተራራው ስንመለስ መንገዱን አስፍተን፣ ደጋግመን ረገጥነው። ለእኛማ ጠባቡም ይበቃን ነበር። አሁን ብርዱ አጠንክሮታል፤ በረዶ ላይ የሚንሸራተተው ተጎታች ሰው ተቀምጦበት እስከ ተራራው ያልፍበታል። ሹሼፕ ከፊት ይጎትትሃል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እይዝሃለሁ። አዲስ በረዶ ከጣለ ይደፈናል፤ ግድ የለም፣ እንደገና እንረግጠዋለን። ብቻ አንተ ና።

ቅድስት አና በሰማይም በምድርም መንገድህን ታቅናልህ፤ በደህና ታግባህ።

ማኒያን፣ ሚስትህ