የሚጮኸው ካርድ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ካለህበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደምን ከረምክ? እኛ ካንተ ናፍቆትና ከአባዬ ቀልድ በቀር የበዛብን ነገር የለም።

ያቺ ከቴሌቪዥን ጋር የምትሠራው የድሮ ኮምፒውተራችን ተነሣች! የላክሃቸውን ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን እንደ ሽማግሌ ስንመክር ዋልን። ከሜሞሪ ማስፋፊያዎቹ አንዱ ውስጧ የሚበየድ፣ ሌላው ከኋላዋ የሚሰካ ነው። ዕድሜ ልኩን ሬዲዮ ሲበይድ የኖረው አባዬ የሚሰካውን መረጠ ብልህ ታምነኛለህ? «መበየጃውን አውርሼሻለሁ» ብሎ ሳቀብኝ። መሰኪያውን ግን እኔ በባትሪ እያበራሁ ያጣሁትን፣ እሱ በጣቱ ዳብሶ አገኘው።

ጨዋታዎቿ የሚጫኑባቸውን ካሴቶች የሚተካውንም ካርድ መምረጥ ነበረብን። ድምፅ የሌለውንና ፈጣኑን ባቀርብለት «ጸጥ ብሎ የሚሠራ ነገር አላምንም» ብሎ፣ እንደ ካሴት እየጮኸ የሚጭነው ካልሆነ አለ። ጩኸቱ ሲጀምር ጎረቤታችን «ምን እየታረደ ነው?» ብላ ሮጣ መጣች። በሳቅ ፈረስን።

ጩኸቱ ሲያበቃ አባዬ አጨብጭቦ «ይኸው! ሥዕሉ እንዴት ጠርቷል!» አለ። እኔም «በጣም!» አልኩት። በሳቁ መሃል ቴሌቪዥኑን መክፈት ረስቼው፣ መስታወቱ ገና ጥቁር ነበር።

በል እንግዲህ፣ ደግ ደጉን ያሰማን። ከእንግዲህ ከምትጽፍ ድምፅህን ቀድተህ ላክልን፤ አባዬ እሱን ይወዳል። ስትመጣም እንደ ልማድህ ልታስደነግጠን ድመት ሆነህ እንዳትገባ። ከደጅ ጀምረህ ተጣራ።

እህትህ